ባሕር ዛፍ በአገሩ፦ አራት ቀን ወደ ማክደርሚድ አለት

ፐርዝ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ወደ ምሥራቅ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሄጄ አላውቅም ነበር። እዚህ ያለን አበሾች አብዛኞቻችን እንደዚሁ ነን። ሥራ፣ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሰርግ፣ ለቅሶ። ዕረፍት ሲገኝ ወይ አገር ቤት ነው፣ ወይ ውቅያኖሱ ዳር አሸዋ ላይ ነው። ወደ መሃል አገር፣ ወደዚያ ወደ ጫካውና ወደ ምድረ በዳው፣ ምን ልናይ እንሄዳለን?

ዘንድሮ ግን ነገር ተገጣጠመ። መስቀል ቅዳሜ ዋለ። ያለንበት ክልል፣ ዌስተርን አውስትራሊያ፣ ደግሞ የንጉሡን ልደት የሚያከብረው በዚሁ ሰሞን ሰኞ ቀን ነው። ንጉሡ የተወለዱት በኅዳር ነው፤ ለምን በመስከረም እንደሚከበርላቸው አትጠይቁኝ። እኔ የማውቀው ሥራ መዘጋቱን ነው። አርብን አስፈቀድኩና አራት ቀን አገኘሁ።

ሦስት ነበርን። እኔ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጄና ጋሼ። ጋሼ የጎረቤታችን አባት ናቸው። የጉራጌ ልጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በደን ሥራ ያገለገሉ፣ ወንዶ ገነት የተማሩ። አሁን ጡረታ ወጥተው ልጃቸው ጋ ነው የሚኖሩት። «መስቀልን ከአገሬ ውጪ ማክበር አልችልበትም» እያሉ ሰሞኑን ፊታቸው ጠቁሮ ሰነበተ። እኔም፣ «ጋሼ፣ ባሕር ዛፍ በገዛ አገሩ ላሳይዎት» አልኳቸው። ዓይናቸው በራ።

አርብ፣ መስከረም 16፤ ከፐርዝ ወደ ሃይደን

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ወጣን። መኪናዋ ያረጀች ፕራዶ ናት። የጫንነው ውሃ 60 ሊትር፣ ትርፍ ነዳጅ አንድ ጀሪካን፣ ሁለት ድንኳን፣ ትንሽ ቡታጋዝ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎና ድፎ ዳቦ ነው። ጀበናውን ጋሼ አላስጭን አሉ። እንደ ሕፃን ታቅፈውት ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ሃይደን ከፐርዝ ወደ ምሥራቅ 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በብሩክተን፣ በኮሪጊንና በኮንዲኒን በኩል አድርገን ሄድን። ኮሪጊን መግቢያ ላይ የውሾች መቃብር አለ። ሐውልት ከነስማቸው። ልጄ ካልወረድኩ ብሎ አስቸገረ። ጋሼ አንድ ሐውልት ካነበቡ በኋላ ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁና፣ ምንም ሳይሉ መኪና ውስጥ ገቡ።

ቀሪው መንገድ ስንዴ ነው። ከስንዴው ቀጥሎም ስንዴ ነው። አንዳንዴ ቢጫ የካኖላ ማሳ ጣልቃ ይገባል፤ ከሩቅ አደይ አበባ ይመስላል። የማሳው ስፋት ያስቀናል። ግን ዝቅ ያሉ ቦታዎች ላይ ነጭ ነገር ማየት ጀመርን። መሬቱ ነጥቷል፤ መሐሉ ላይ የደረቁ ዛፎች ቅርንጫፋቸውን ዘርግተው እንደቆሙ ሞተዋል።

«አቁም እስቲ» አሉኝ ጋሼ።

ወረዱ፣ አጎንብሰው አፈሩን በጣታቸው ነኩና ምላሳቸው ላይ አደረጉት።

«ጨው ነው።»

ስለዚህ ነገር ከዚህ በፊት አንብቤ ስለነበር የማውቀውን ነገርኳቸው። ይህ ሁሉ አገር ድሮ ጫካ ነበር። የጫካው ዛፍ ሥሩ ጥልቅ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የዘነበውን እየጠጣ ከሥር ያለውን ውሃ ዝቅ አድርጎ ይይዘው ነበር። ከዚያ ገበሬ መጣና ዛፉን መንጥሮ ስንዴ ዘራ። ስንዴ ሥሩ አጭር ነው፣ መሬት ላይ የሚቆየውም ጥቂት ወር ነው። የሚጠጣለት ያጣው ውሃ ከመሬት በታች እየሞላ ወጣ። በሺህ ዓመታት የተከማቸውን ጨውም ይዞት ወጣ። ማሳው በዚህ ምክንያት ሞተ።

ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ሳቅ ጀመሩ፤ ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«እኛ እኮ ውሃ ጠጣብን ብለን ነው የምንረግመው!»

እውነታቸውን ነው። አገር ቤት ባሕር ዛፍ ስሙ ክፉ ነው። ምንጭ አደረቀ፣ ከሥሩ ሣር አያበቅል፣ መሬት በላ። እነዚህ ደግሞ ማሳቸው የሞተው የሚጠጣውን ዛፍ ስለቆረጡት ነው። ቀሪውን መንገድ ጋሼ በየነጩ መሬት አጠገብ ስናልፍ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ሄዱ።

ሃይደን ስንደርስ ዌቭ ሮክን አየን። ታውቁታላችሁ፤ ሊሰበር ሲል የደረቀ ማዕበል የሚመስለው አለት። ቁመቱ 15 ሜትር፣ ርዝመቱ 110 ሜትር ገደማ ነው። ሰው እንደ ጉድ ነው፤ ሁሉም ማዕበል ላይ የቆመ መስሎ ፎቶ ይነሳል። እኛም ተነሳን። እውነቱን ልናገርና፣ ከፎቶው ይልቅ አናቱ ላይ ያለው ነገር ነው የገረመኝ። አለቱ ላይ ስትወጡ ጠርዙን ይዞ የሚዞር አጭር ግንብ አለ። በፈረንጆቹ 1928 የተሠራ ነው። አለቱ ራሱ ጣሪያ፣ ግንቡ አሸንዳ ማለት ነው። ዝናብ ሲጥል ውሃው በግንቡ ተመርቶ ግድብ ውስጥ ይገባል።

ጋሼ ቆጠሩት፦ «አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በካሬ ሜትር አንድ ሊትር ነው። አንድ ሄክታር አለት ላይ አሥር ሚሊ ሜትር ቢዘንብ መቶ ሺህ ሊትር። ወይ ጉድ!»

ማታ ሽሮ በላን፤ አርብ ነው። የደመራ ዕለት ነበር፣ ነገር ግን በካራቫን ፓርክ መሐል እሳት ማን ይፈቅድልናል? ጋሼ ከኪሳቸው ጧፍ አውጥተው ለኮሱ። ነፋሱ ሁለት ጊዜ አጠፋባቸው። ሦስተኛው ላይ ባርኔጣቸውን ከለሉበት።

ቅዳሜ፣ መስከረም 17፤ ኮሮኮንቹ

ጠዋት ታንከሩን ሞልተን ወጣን። ከሃይደን እስከ ኖርስማን ከተማ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሐሉ ላይ ማደያ የለም፣ ሱቅ የለም፣ ኔትወርክ የለም። ከከተማ ወጣ ብሎ አስፋልቱ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ቀይ ኮሮኮንች ነው። ሰፊና ደህና መንገድ ነው፤ ጠንከር ያለ ዝናብ ከጣለ ግን ይዘጉታል። የጎማ አየር ቀነስኩ። ይህን ቪዲዮ አይቼ ነው የተማርኩት። ቪዲዮው ላይ ሌላም ምክር ነበረ፤ እሱን አልሰማሁም። እመለስበታለሁ።

ጥቂት እንደተጓዝን አጥር አገኘን። ዝነኛው የጥንቸል አጥር ነው። በፈረንጆቹ ከ1901 እስከ 1907 ባለው ጊዜ ነው የታጠረው፤ ከደቡብ ባሕር እስከ ሰሜን ባሕር 1,833 ኪሎ ሜትር። ያኔ ከአውሮፓ የመጣ ጥንቸል አገሩን እየበላ ስለነበር እሱን ለመመለስ ነው። ጥንቸሉ ግን አጥሩ ሳያልቅ ቀድሞ አልፎ ነበር። ዛሬ አጥሩ ኤሙ የተባለውን ትልቅ ወፍና የዱር ውሻን ነው የሚመልሰው።

አጥሩን ስታልፉ ስንዴው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ወዲህ እርሻ፣ ወዲያ ጫካ። በመቀስ የተቆረጠ ያህል ነው።

ጫካው ግሬት ዌስተርን ዉድላንድስ ይባላል። 16 ሚሊዮን ሄክታር ነው። የኢትዮጵያን አንድ ሰባተኛ ያህላል። በዚህ ዓይነት አየር ንብረት፣ ክረምቱ ዝናብ በጋው ድርቅ በሆነ አገር፣ በዓለም ላይ ከቀሩት ጫካዎች ትልቁ ነው ይባላል። ሦስት ሺህ ገደማ ዓይነት አበባ የሚያብብ ተክል አለው። ዝናቡ ታዲያ ኖርስማን አካባቢ በዓመት 300 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ የዚህን አራት እጥፍ ያህል ታገኛለች። በዚህ ዝናብ እኛ አገር ቁጥቋጦ ነው የሚበቅለው። እዚህ ግን 25 ሜትር የሚደርስ ዛፍ ቆሟል።

ሁለቱን በቶሎ ለየናቸው። አንዱ ሳልሞን ገም ነው። ግንዱ ለስላሳና ወደ ሮዝ የሚያደላ፣ ቅጠሉ አናቱ ላይ ብቻ እንደ ጥላ የተዘረጋ። ሁለተኛው ጊምሌት ነው፤ ስሙ የአናጢ መሰርሰሪያ ማለት ነው። ግንዱ እንደተገመደ ገመድ የተጠማዘዘና መዳብ የሚመስል ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ዘይት የተቀባ ይመስላል። ጋሼ መኪናውን አስቁመው ጊምሌቱን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ይሄ ባሕር ዛፍ ነው ትለኛለህ?»

«አዎ ጋሼ። ዘመዱ ነው።»

«አጠና አይወጣውም» አሉ። ቀና ብለው አዩት። «ተጣሞ! ጉራጌ ይሄን ቢያገኝ በችግኙ ነው የሚነቅለው።» መዳፋቸውን ግን ከግንዱ ላይ አላነሱም።

እኛ ባሕር ዛፍ ስንል ሁለት ነው የምናውቀው፣ ነጭና ቀይ። እዚህ አገር ዘሩ ከሰባት መቶ በላይ ዓይነት ነው። በምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሲታሰብ የመጣልን ከእነዚህ ውስጥ በጣት የሚቆጠሩት ናቸው። ፈጥነው የሚያድጉት፣ ቀጥ የሚሉት። ከባሕር ማዶ መጣና ባሕር ዛፍ አልነው።

ከቀኑ 7 ሰዓት አካባቢ መኪናዋ ወደ ግራ ጎተተችኝ። የኋላ ጎማ። ሹል ድንጋይ ጎኑን ሰንጥቆታል። «ምንም አይደል፣ ስኮርታ አለ» አልኩ በኩራት። ክሪኩን ደገንኩ፣ ቡሎኖቹን ፈታሁ፣ ስኮርታውን አውርጄ ገጠምኩ፣ መኪናዋን ዝቅ ሳደርግ ስኮርታው ቂጣ ሆነ። አየር የለውም። ቪዲዮው ላይ ያልሰማሁት ምክር ይኼ ነበር፦ ከመነሳትህ በፊት ስኮርታህን እይ። መንፊያም አልያዝኩም።

ልጄ አየኝ። ጋሼ ወደ ጫካው አዩ። ምንም አላሉም፤ ይሄ ደግሞ ከስድብ ይብሳል።

አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያህል መንገድ ዳር ተቀመጥን። ዝምታው ጆሮ ውስጥ ይጮኻል። ጋሼ ጊዜ አላባከኑም፤ ቡታጋዙን አውርደው ቡና ቆሉ። ጭሱ ገና ሳይበተን ከምሥራቅ አቧራ ታየ። ካራቫን የሚጎትቱ ሽማግሌ ባልና ሚስት ናቸው። ቤታቸውን አከራይተው አገሩን የሚዞሩ፣ እዚህ በብዛት የምታገኟቸው ዓይነት። ሰውየው መንፊያቸውን አውጥተው በአምስት ደቂቃ ሞሉልኝ። ገንዘብ አይነሳም። ጋሼ ግን ቡና ሳይጠጡ አይሄዱም ብለው ያዟቸው። እስከ ሦስተኛው ድረስ ጠጡ። ሴትየዋ በረካው ላይ ሲኒውን ዞር አድርገው ታቹን እያዩ የት እንደሚሸጥ ጠየቁኝ። ልጄ በፐርዝ አማርኛው «ጋሼ፣ እነሱ ቡና ላቭ አደረጉ» አለ።

ያደርነው ብሬክአዌይስ የሚባል ቦታ ነው። መሬቱ ተንዶ ነጭ፣ ቢጫና የዛገ ብረት የሚመስል ገደል ሠርቷል። እሳት በተከለለው ቦታ ብቻ ነው የሚነደደው፤ የወደቀ እንጨት መልቀምም ልክ አይደለም፤ የእንሽላሊትና የወፍ ቤት ነው። ስለዚህ ማገዶ ከፐርዝ ጭነን ነበር የመጣነው። ጋሼ እንጨቶቹን አቁመው አናታቸውን አሰሩ። አናቱ ላይ አደይ የለም፤ መንገድ ዳር ወድቆ ያገኘነውን ቢጫ የግራር አበባ ሰካን። በአንድ ቀን የዘገየች፣ ከጉልበት የማታልፍ ደመራ። ሦስት ጊዜ ዞርናት። ጋሼ «ኢዮሃ አበባዬ»ን አነሱ፤ ልጄ የሚያውቃት አንዲቱን መሥመር ብቻ ስለሆነ እሷኑ ደጋገማት።

ከዚያ ከበረዶ ሳጥኑ ሥር ክትፎ ወጣ። ከእኔ ተደብቆ ነው የተጫነው። በሰው አገር፣ በጫካ መሐል፣ ሐኪም በሌለበት ጥሬ ሥጋ? «ለብለብ ያድርጉት ጋሼ» አልኳቸው። በዚያ አስተያየት ማንም አይቶኝ አያውቅም። ግን ለልጁ ሲሉ ለብለብ አደረጉት።

ቀጭኗ ጨረቃ ገባች። ኮከቡ ግን ስንት እንደሆነ ምን ብዬ ልንገራችሁ።

እሑድ፣ መስከረም 18፤ አለቱ

ማክደርሚድ አለት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው ያለው። ከሩቅ አይታይም፤ ጫካው ይሸፍነዋል። ዛፎቹ መሐል ስትነዱ ትቆዩና በድንገት ግራጫ ጀርባ ይወጣል። ጫፍ ያለው ተራራ አይምሰላችሁ። የተኛ ዝሆን አስቡ።

እኛ ብቻ ነን። መኪና ማቆሚያው ላይ አንድም ጎማ የለም። ማስታወቂያው «ምንም አታንሱ፣ ድንጋይ አትገልብጡ» ይላል። ልጄ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ከዚያ ወዲያ ሕግ አስከባሪያችን ሆነ።

መውጣቱ ቀላል ነው። አለቱ ሸካራ ስለሆነ ጫማ ይይዛል። አንዳንድ ቦታ ግን እግራችሁ ሥር ድምፁ ይለወጣል፤ ባዶ በርሜል የመርገጥ ያህል ነው። አለቱ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። የላይኛው ንጣፍ ከሥሩ ካለው ይለያይና መሐሉ ክፍት ይሆናል። ልጄ በየድምፁ እየዘለለ ሄደ።

ጥቁር ድንጋይ የለመደ ሰው ግራ ይገባዋል። የእኛ ደጋ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ ነው፤ ትልቁ ፍሰት የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ይሄ ከሁለት ቢሊዮን ተኩል ዓመት በላይ ነው። ጋሼ ቁጥሩን ሲሰሙ በዱላቸው ቀስ አድርገው መታ መታ አደረጉት፤ የቆየ ሰው ቤት በር እንደሚንኳኳ።

ስትጠጉት አለቱ ባዶ አይደለም። ስንጥቁ ውስጥ ጥቂት አፈር ካለ የሚበቅል ነገር አለ። ቦርያ የሚሏት እሾሃማ ተክል አለች፤ ስብስብ ብላ መርፌ የተሰካበት ትንሽ ትራስ ትመስላለች። ዝናብ ሲጠፋ ሙሉ በሙሉ ትደርቃለች፤ ብርቱካንማ ትሆናለች፣ ሞተች ትላላችሁ። ዝናብ በጣለ በቀናት ውስጥ እንደገና ትለመልማለች። እኛ ስንደርስ ግማሹ አረንጓዴ፣ ጠርዙ ብርቱካን ነበር። ወቅቱ እየዞረ ነው ማለት ነው።

ልጄ አጎንብሶ እጁን አነሳ፣ ዝም በሉ ለማለት። እንሽላሊት ነው። ጠፍጣፋ፣ ጀርባው ላይ ነጠብጣብ ያለበት። ጭንቅላቱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ «እሺ፣ እሺ» የሚል ይመስላል። አንድ እርምጃ ስንራመድ ከጣት በማይሰፋ ስንጥቅ ውስጥ እንደ ደብዳቤ ገባ። ጠፍጣፋ መሆኑ ለዚህ ነው። ሰው ለዕይታ ብሎ የተላጠውን ድንጋይ ሲያነሳ ቤቱን እያፈረሰበት ነው። የማስታወቂያው ጭቅጭቅ ያለ ነገር አልነበረም።

አናቱ ላይ ገንዳዎች አሉ። ጥልቀታቸው ከስንዝር አይበልጥም። አንዱ አጠገብ በሆዳችን ተኛን። መጀመሪያ ውሃ ብቻ ነው የሚታየው። ዓይን ሲለምድ እንኩርዶዎች ታዩ። ከዚያ ከሩዝ የማይበልጡ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ፣ በጀርባቸው የሚዋኙ ነገሮች። ሽሪምፕ የሚባለው ትንሽ የባሕር እንስሳ ዘመዶች ናቸው። ገንዳው በበጋ ይደርቃል። እንቁላላቸው በአቧራው ውስጥ ሆኖ የሚቀጥለውን ዝናብ ይጠብቃል። ባሕር ከዚህ የስንት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ነው፣ ሽሪምፕ አናቱ ላይ! ልጄ ከዚያ ገንዳ ለማንሳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

የሁላችንንም አፍ ያስያዘው ግን ሌላ ነው። የናማ ጉድጓድ። ናማ የሚለው ስም ኑንጋር ከሚባለው የአገሩ ነባር ሕዝብ ቋንቋ ነው። አለቱ ራሱ ላይ ያለ ጉድጓድ ነው። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ። የአገሩ ሰዎች አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ይከድኑታል። ፀሐይ ውሃውን አይጠጣውም፣ እንስሳም ገብቶ አይሞትበትም። ይህን ያነበብኩትን ገና ተናግሬ ሳልጨርስ ጋሼ፦

«እንስራ ነዋ!» አሉ።

በቃ፣ ከዚህ የተሻለ መግለጫ የለም። እንስራ ነው። የተከደነ እንስራ፣ አለት ውስጥ።

ይህ አገር ንጋጁ የሚባል የሌላ ነባር ሕዝብ አገር ነው። የመሬት ባለቤትነታቸውን ፍርድ ቤት ያወቀላቸው በ2014 ነው፤ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። ወንዝ በሌለበት በዚህ ሁሉ ስፋት የኖሩት እንስራዎቹ የት የት እንዳሉ ስለሚያውቁ ነው። አንዱ አለት ሲያልቅ ወደ ሌላው። ኋላ ወርቅ ፍለጋ የጎረፉት ነጮችም ያለ አለት አላለፉም። በ1893 ጆን ሆላንድ የሚባል ሰው ከብሩምሂል ከተማ ወርቅ እስከተገኘባት ኩልጋርዲ ድረስ ይህን ጫካ ቀዶ የጋሪ መንገድ ሲያወጣ፣ መንገዱ ከአለት አለት እየዘለለ ነው የሄደው። ትናንት ያንን መንገድ አቋርጠነው ነበር፤ ምልክቱን እንጂ ለምን እንደዚያ እንደሚጠማዘዝ አላወቅንም ነበር።

ከአናቱ ዙሪያውን አየን። ጫካ ብቻ ነው። አረንጓዴው እየራቀ ሰማያዊ ይሆናል፤ በአንድ በኩል ሌክ ጆንስተን ነጭ ሆኖ ያበራል፤ ሐይቅ ይባል እንጂ ጨው ነው። ቤት የለም፣ ጭስ የለም፣ የመብራት ምሰሶ የለም። ከእንጦጦ ቁልቁል ስናይ ከተማ ነው የምናየው፤ ባሕር ዛፉ ከተማዋን ከብቦ። እዚህ ባሕር ዛፉ የሚከበው አለት ነው። ልብ ብላችሁ ካያችሁ አለቱ ሥር ያለው ዛፍ ከሌላው ይበልጣል፣ ይጠጋጋል። ከጣሪያው የሚፈሰውን ይጠጣል።

ጋሼ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«ሠላሳ ዓመት ችግኝ አፈላሁ» አሉ በኋላ። «ግማሹ ሰው አመሰገነኝ። ግማሹ ረገመኝ። ምንጭ ዳር አትትከሉ ብለን ስንለምን የሚሰማን የለም። ምንጭ ዳር ፈጥኖ ይረዝማላ! ይሄ እኮ በጠብታ የሚኖር ፍጥረት ነው። ምንጭ ዳር አቁመኸው ለምን ጠጣ ብለህ ትከሰዋለህ?»

መልስ አልነበረኝም። ቆሎ ዘገን አድርጌ ሰጠኋቸው።

ስንወርድ ጋሼ አጎንብሰው የባሕር ዛፍ ፍሬ አነሱ፤ ያችን ትንሽ ኩባያ የምትመስለውን። ልጄ ካለበት ሮጦ መጣ። «አባባ! ምንም አታንሱ ይላል!» ጋሼ እንደ ሌባ ልጅ ፈገግ ብለው መልሰው አስቀመጡት።

ከሰዓት በኋላ ዲስአፖይንትመንት ሮክም ደርሰን ነበር። ስሙ የቅሬታ አለት ማለት ነው። ውሃ ጠብቆ ያጣ ሰው ይሆን ያወጣለት? እኛ ግን አልተቀየምንም፤ እግራችን አልቆ ስለነበር ዙሪያውን ሳንጨርስ ተመለስን። ኖርስማን ሲመሽ ደረስን። ሻወሩ ቀይ ውሃ ሆኖ ፈሰሰ።

ሰኞ፣ መስከረም 19፤ መመለሻ

ኖርስማን የተሰየመችው በፈረስ ነው። በ1894 ሎሪ ሲንክሌር የሚባል ሰው ያሰረው ኖርስማን የተባለ ፈረስ ሌሊት በሰኮናው ሲጭር ወርቅ ያለበት ድንጋይ አወጣ ይባላል። ሐውልት ቆሞለታል። አደባባዩ ላይ ደግሞ ከቆርቆሮ የተሠሩ ግመሎች አሉ፤ ውሃና ዕቃ ያመላለሱት ግመሎች መታሰቢያ። የተቀደደውን ጎማ ጎሚስታ አሳየሁ። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። አሮጌ ጎማ በአዲስ ዋጋ ገዛሁ።

ኔትወርክ ሲመለስ የጋሼ ስልክ ሲንጫጫ ቆየ። አዲስ አበባ እህታቸው ጋ ደወሉ። እዚያ ገና እየነጋ ነው።

«መስቀል እንዴት ዋለ?... ክትፎ? በልተናል እንጂ!... አዎ፣ ጫካ ውስጥ... ምነው፣ ምን ሆንሽ?... ውሃ ከሄደ ስንተኛ ቀኑ ነው?»

መመለሻው በኩልጋርዲ ነው፤ እስከ ፐርዝ 720 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሁሉም አስፋልት። ከኩልጋርዲ በኋላ መንገዱን ይዞ አንድ ትልቅ ቧንቧ ይሄዳል። ኢንጂነር ኦኮነር የነደፉት ነው። በ1903 ከፐርዝ አጠገብ ካለው ግድብ ውሃ እስከ ወርቅ ከተማዋ ካልጉርሊ አደረሰ። ኦኮነር ግን አላዩትም፤ ሥራው ሳያልቅ በ1902 ሕይወታቸውን አጥፍተዋል። ቧንቧው ግን ዛሬም ይሠራል። ጋሼ ከአንድ ሰዓት በላይ በመስኮት እሱን ብቻ አዩ።

ዳሩ ላይ ያለው ጫካ ቀጭን ቀጭን ነው። የማዕድን ጉድጓዶቹ ድጋፍና የእንፋሎት ሞተሩ ማገዶ ሁሉ ከዚህ ነበር የሚመጣው። ባቡር ጫካው ውስጥ ሐዲድ እየዘረጋ እስከ ፈረንጆቹ 1960ዎቹ ድረስ ሲቆርጥ ኖረ። አሁን የሚታየው ከዚያ በኋላ መልሶ የበቀለው ነው። «ማንም ሳይተክለው?» አሉ ጋሼ። ራሱ ነው የበቀለው አልኳቸው። «እንግዲህ እኔን ምን አስለፋኝ» አሉና አንቀላፉ።

ፐርዝ የደረስነው ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ ነው። ልጄ ተኝቷል። ጋሼን በራቸው ላይ አወረድኳቸው። ጀበናውን አስያዝኳቸው። ሱሪያቸውን ሲያራግፉ ከታጠፈው ጫፉ ውስጥ አንዲት ነገር ጠብ ብላ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለች። በመብራቱ አየናት። ትንሽ ኩባያ።

ወደ መኪናው ዞር አሉ፤ ሕግ አስከባሪው አልነቃም።

«እኔ አላነሳሁም» አሉ በሹክሹክታ። «ራሱ ነው የመጣው።»